ማስተማርም ሱፐርቪዥን ይፈልጋል፦ ለካውንስሊንግ ዶክትሬት ፕሮግራሞች ግልጽ ደብዳቤ

ለካውንስሊንግ ትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ለዶክትሬት ፕሮግራም አስተባባሪዎችና ለአድቫይዘሮች
በያላችሁበት

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጉዳዩ የዶክትሬት ተማሪዎቻችን ሲያስተምሩ ሱፐርቪዥን፣ ማለትም ሥራቸውን እያየ የሚመራቸው ልምድ ያለው ሰው፣ አለማግኘታቸው ነው። የሁላችንም ስለሆነ በየቢሮው በር ዘግቶ ከማጉረምረም በግልጽ መጻፉን መረጥኩ።

የዶክትሬት ተማሪዎቻችሁ ነገ መምህራን ናቸው። ሁሉም ባይሆኑም ብዙዎቹ ዲግሪውን የሚፈልጉት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሌሎች ካውንስለሮችን ለማፍራት ነው። ምርምር ይሠራሉ፣ ኮሚቴ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ሳምንታቸውን ይዞ የሚውለው ግን ክፍሉ ነው። እኛ ደግሞ ማስተማርን እንደ ሙያ አናሠለጥናቸውም። አንድ ኮርስ እንሰጣቸዋለን፣ ያለፈው ዓመት አውትላይን (የኮርሱ ዕቅድ) እና ስላይድ በኢሜይል ይደርሳቸዋል፣ ከዚያ በኋላ እንደ ፍጥርጥራቸው። በሴሚስተሩ መጨረሻ ተማሪዎች የሞሉት ፎርም ይመጣል። ውጤቱ መጥፎ ካልሆነ ማንም ምንም አይልም።

የሚገርመው ሰው ማሠልጠን የማናውቅ ሰዎች አለመሆናችን ነው። ይህንን ከብዙ የትምህርት ዘርፎች በተሻለ እናውቃለን። አንድ የማስተርስ ተማሪ እውነተኛ ተመካሪ ፊት ከመቀመጡ በፊት የሚያልፍበትን መንገድ አስቡት። መጀመሪያ ከክፍል ጓደኛው ጋር ይለማመዳል። ይቀረጻል። ቅጂውን ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ ያያል፤ "እዚህ ጋ ለምን ቸኮልክ?" ይባላል። ቀጥሎ ፕራክቲከም የሚባለው የመጀመሪያው የተግባር ልምምድ፣ ከዚያ ረዘም ያለው፣ ኢንተርንሺፕ የሚባለው ይመጣል።

ቁጥሩንም ታውቁታላችሁ። ካክሬፕ እየተባለ የሚጠራው የአሜሪካ የካውንስሊንግ ፕሮግራሞች እውቅና ሰጪ ምክር ቤት በ2016 (እ.ኤ.አ.) ስታንዳርዱ ለማስተርስ ተማሪ 100 ሰዓት ፕራክቲከም ይጠይቅ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 40 ሰዓቱ በቀጥታ ከተመካሪ ጋር የሚሠራበት ነው። የኢንተርንሺፑ 600 ሰዓት ነበር፣ በቀጥታ ከተመካሪ ጋር የሚሆነው 240። በየሳምንቱ በአማካይ 1 ሰዓት የግል ወይም የሦስትዮሽ (አንድ ሱፐርቫይዘር ከሁለት ተማሪዎች ጋር) ሱፐርቪዥን ነበር። ከዚያ ላይ 1 ሰዓት ተኩል የቡድን ሱፐርቪዥን ይጨመር ነበር። ማንም ተማሪ ብቻውን አይለቀቅም። ይህንን "ጊዜ የለንም" ብሎ የሚዘል ፕሮግራም ቢገኝ ሁላችንም ጉድ እንላለን።

አሁን ደግሞ ያው የ2016 ስታንዳርድ ስለ ዶክትሬት ተማሪ ይል የነበረውን እንመልከት። ሥልጠናው በአምስት ዘርፎች ነበር፦ ካውንስሊንግ፣ ሱፐርቪዥን፣ ማስተማር፣ ምርምር፣ አመራርና አድቮኬሲ። ማስተማር በስሙ ተጠርቶ ገብቷል። ተማሪው ስለ ማስተማር ስልት፣ አዋቂዎች እንዴት እንደሚማሩ፣ ኮርስ እንዴት እንደሚቀረጽና እንደሚመዘን፣ በኦንላይን እንዴት እንደሚሰጥ ማወቅ አለበት ይል ነበር። ጥሩ። ወደ ልምምዱ ስንመጣ ግን የ600 ሰዓቱ የዶክትሬት ኢንተርንሺፕ ከአምስቱ ቢያንስ ሦስቱን እንዲሸፍን ነው ይጠየቅ የነበረው። ሱፐርቪዥን፣ ምርምርና ካውንስሊንግ ላይ ሰዓቱን የሞላ ሰው አንድም ቀን ሰው እያየው ሳያስተምር ኢንተርንሺፑን ሊጨርስ ይችል ነበር ማለት ነው። ዕውቀቱ ግዴታ፣ ልምምዱ ምርጫ ሆነ።

የሥነ ምግባር ደንባችን ከዚህ የበለጠ ይጠብቃል። የአሜሪካ የካውንስሊንግ ማህበር በ2014 ያወጣው ደንብ የካውንስለር ትምህርትን የሚመሩ ሰዎች በባለሙያነታቸውም በመምህርነታቸውም የተካኑ እንዲሆኑ ይፈልጋል። ሁለቱንም። ጥሩ ካውንስለር መሆን ለብቻው ይበቃል አይልም።

እዚህ ላይ ሁሌ የምሰማው መልስ አለ። "ካውንስለር እኮ ናቸው፣ ከሰው ጋር መነጋገር ያውቁበታል፤ ክፍሉንም አያቅታቸውም።" ውሃ የማይቋጥር ምክንያት ነው አልልም፤ ትንሽ ይቋጥራል። ማዳመጥ ይችላሉ። ክፍሉ ሲከብድ ይሰማቸዋል። የተማሪን ፊት ያነባሉ። ግን ክሊኒካዊ ችሎታ ወደ ክፍል ሲገባ የሚረዳበት ቦታ እንዳለ ሁሉ የሚጠፋበትና ጭራሽ የሚያደናቅፍበት ቦታም አለ። የደብዳቤዬ ዋና ጉዳይ ይኸው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

መጀመሪያ የሚጠፋው ዝምታ ነው። አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ስታስተምር ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እከታተል ነበር። ዝግጅቷ ጥሩ ነበር። ተመካሪ የተናገረውን በራስ ቃል መልሶ መናገርና ስሜቱን ማንጸባረቅ ልዩነታቸው ምንድን ነው ብላ ክፍሉን ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን አፏን ሳትዘጋ ራሷ መለሰችው። ደግማ ጠየቀች፣ ደግማ መለሰች። ሰዓቱ ሲያልቅ ተማሪዎቹ ደብተራቸው ሞልቷል፤ ከአፋቸው የወጣ ነገር ግን የለም። በኋላ ቁጭ ስንል "ተመካሪሽ ዝም ሲል ምን ታደርጊያለሽ?" አልኳት። "እጠብቃለሁ" አለች፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ፊት። ከዚያ ሳቀች። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ጠይቃ ጠበቀች። መጀመሪያ ላይ ወለሉን ነበር የምታየው። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ።

ይህ የእሷ ብቻ ችግር አይደለም። ሜሪ በድ ሮው የተባለችው ተመራማሪ በ1970ዎቹ በሳይንስ ክፍሎች ውስጥ ያየችው ነገር አለ። መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ገደማ ነበር። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ መጠበቅ ሲጀምሩ መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆችም መናገር ጀመሩ። ጥናቱ የልጆች ክፍል ላይ ነው። ግን ክፍል ፊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያቺን 1 ሰከንድ ያውቃታል። ካውንስለር ደግሞ ዝምታን ለመሸከም የሠለጠነ ሰው ነው። ችሎታው አለው፤ አምጥቶ ክፍሉ ውስጥ እንዲያስቀምጠው የሚያስታውሰው ሰው ነው የጎደለው። ይህንን ደግሞ መጽሐፍ አያስታውሰውም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ወይም ካሜራ ነው የሚያስታውሰው።

ሁለተኛው ማረም ነው። ካርል ሮጀርስ ተመካሪን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበልን አስተምሮናል። ይህን ለዓመታት የተለማመደ ሰው ቀይ እስክሪብቶ ሲሰጡት እጁ ይያዛል። ፈርዶ መናገር የሙያው ጠላት ይመስለዋል። ስለዚህ ሁሉም "ኤ" ያገኛል። ወይም በተቃራኒው፣ አድልዎ እንዳይመስልበት ሲል ድርቅ ብሎ ነጥብ ይቆርጣል፣ ምክንያቱን አይጽፍም።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ተማሪዋ የልምምድ ንግግሯን በጽሑፍ አስገብታለች። ተመካሪዋ "ከአባቴ ጋር ካወራን ዓመት አለፈን፣ ስልክ ሲጠራ እሱ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ" ትላለች። ተማሪዋ የመለሰችው "ለምን አንቺ አትደውይለትም?" ብላ ነው። አራሚው የዶክትሬት ተማሪ ጎኑ ላይ "ጥሩ ሙከራ፣ በርቺ" ብሎ ጽፏል። ደግ ሰው ነው። ግን ተማሪዋ ከዚህ ምን ተማረች? ምንም። ይኸው ሰው ሱፐርቫይዘር ሆኖ ቢቀመጥ ኖሮ የሚለው ሌላ ነበር። "እዚህ ላይ ተመካሪዋ ድንጋጤዋን ነግራሻለች። አንቺ መፍትሔ ሰጠሻት። ምክሩን ትተሽ ድንጋጤውን ብቻ ብታነሺ ምን ትያት ነበር? ሁለት አማራጭ ጽፈሽ አምጪ።" ከዚህኛው ትማራለች። ደግነቱም አልጠፋም። የዶክትሬት ተማሪው ይህን ማድረግ ይችላል፤ ወረቀት ላይም እንደሚቻል ያሳየው ሰው ነው ያጣው።

ይህን ማስተካከል ከባድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ወረቀቶች መምህሩና የዶክትሬት ተማሪው ለየብቻ ያርሙ። ከዚያ ቁጭ ብለው ያመሳክሩ። የት ተለያየን? ለምን? የማረሚያ መስፈርቱ ነው ግልጽ ያልሆነው ወይስ እኛ? አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን ክምር ብቻውን ቢያርም እንቅልፍ ይተኛል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ክፍሉ ውስጥ ሰው ያለቅሳል። የእኛ ክፍል እንደ ስታትስቲክስ ክፍል አይደለም። ተማሪዎች ለልምምድ ተመካሪ ሆነው ሲቀመጡ የፈጠራ ችግር እናውራ ብለው ይጀምሩና መሃል ላይ የራሳቸውን እናት ሞት ያነሳሉ። የቀሩት ተማሪዎች ይደነግጣሉ። ከፊት የቆመው የዶክትሬት ተማሪ ሁለት ልብ ይሆናል። አንደኛው ልቡ ካውንስለር ነው፤ ወንበር ስቦ ጠጋ ብሎ "እስቲ ንገሪኝ" ማለት ይፈልጋል። ሁለተኛው ልቡ መምህር ነው፤ ሃያ ሰው እያየው ነው፣ የዚህችን ልጅ ውጤት የሚሰጠው እሱ ነው።

በደመ ነፍስ የሚመልሰው ካውንስለሩ ነው። ችግሩም እዚያ ነው። ያው የ2014 ደንብ መምህር ሥልጣን ባለው ተማሪ ላይ ካውንስለር እንዳይሆን ይከለክላል፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዛሬ ምስጢሯን የሰማ ሰው ነገ "ለዚህ ሙያ ዝግጁ ነሽ ወይስ አይደለሽም" ብሎ ይመዝናታል። በሌላ በኩል ደግሞ እንባውን እንዳላየ ሆኖ "እሺ፣ ወደ ቀጣዩ ስላይድ" ማለት ለሃያ የወደፊት ካውንስለሮች የሚያስተምረውን አስቡት።

መሃሉ አለ። ልምምዱን በእርጋታ ማቆም። ልጅቷን መቀጠል ወይም መውጣት ትፈልግ እንደሆነ መጠየቅ፣ ምርጫውን ለእሷ መተው። ለክፍሉ የአምስት ደቂቃ እረፍት መስጠት። በእረፍቱ ለብቻዋ አጭር ነገር ማለት፣ የምክር አገልግሎት የት እንደምታገኝ መንገር፣ ራስ ግን አገልግሎቱን አለመስጠት። ሲመለሱ የልጅቷን ታሪክ ሳይነኩ "ልምምድ እውነተኛ ነገር ሲነካ ካውንስለር ምን ያደርጋል" የሚለውን ማስተማር። በሚቀጥለው ቀን መደወል ወይም መጻፍ። እነዚህ እርምጃዎች ሲጻፉ ቀላል ይመስላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሰዓት ብቻውን የሚያስባቸው ሰው ግን አያገኛቸውም። አስቀድሞ መለማመድ አለበት። ሴሚስተሩ ሲከፈትም ልምምዱ እንዴት እንደሚካሄድና ምን ዓይነት ርዕስ እንደሚመከር አውትላይኑ ላይ ሊጻፍ ይገባል፤ ይህንን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። የዶክትሬት ተማሪዎቻችሁ ብዙ ጊዜ ከሚያስተምሯቸው የማስተርስ ተማሪዎች ጋር አንድ ኮሪደር ላይ ነው የሚውሉት። አንዳንዶቹ ባለፈው ዓመት አብረው የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። አንዱ ሰው ሰኞ መምህር፣ ረቡዕ ክሊኒካዊ ሱፐርቫይዘር፣ ዓርብ ሻይ ጠጪ ይሆናል። ድንበሩን ራሳቸው እንዲያሰምሩ መተው ከአቅማቸው በላይ ነው። ኮርስ ስትደለድሉ ያየው ሰው ቢኖር ግማሹ ጣጣ ከመነሻው ይቀራል።

ስለ ምዘና በር ጠባቂነት ብዙ አልልም። ለሙያው የማይሆን ተማሪን የመለየት ኃላፊነት የእናንተ እንጂ የአንድ ሴሚስተር አስተማሪ የዶክትሬት ተማሪ አይደለም። ያየውን መዝግቦ ለማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደሚያመጣ ግን ይወቅ።

ታዲያ ምን ይደረግ? አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። በእጃችን ያለውን ወደ ክፍል ማዞር ነው። አንድ ታሪክ ትዝ ይለኛል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ድዋይት አለንና ባልደረቦቹ ማይክሮቲቺንግ የሚባል ዘዴ ጀመሩ። አስተማሪ ለመሆን የሚማር ሰው ለጥቂት ተማሪዎች ለጥቂት ደቂቃ አንዲት ችሎታ ብቻ ያስተምራል፣ ይቀረጻል፣ ቅጂውን ያያል፣ አስተያየት ይሰማል፣ እንደገና ያስተምራል። ከዚያ አለን አይቪና ባልደረቦቹ ይህንኑ ወስደው ካውንስለሮችን ለማሠልጠኛ አደረጉት፤ የመጀመሪያውን ጥናታቸውን በ1968 አሳተሙ። ዛሬ በየፕሮግራሙ የምናስተምራቸው ማይክሮ ክህሎቶች፣ ማለትም አንድ በአንድ የሚለመዱ ትንንሽ የካውንስሊንግ ችሎታዎች፣ ከዚያ የመጡ ናቸው። ዘዴውን ከመምህራን ማሠልጠኛ ተበደርን። ካውንስለር አሠለጠንንበት። ወደፊት የሚያስተምሩ ሰዎችን ስናሠለጥን ግን ረሳነው። ዕዳውን ለመክፈል የሚያስፈልገው አንድ ስልክና ማቆሚያው ነው።

ኖርማን ኬገን በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያዳበረው ዘዴም አለ። የተቀረጸውን እያዩ ማቆም፣ "እዚህ ላይ በውስጥህ ምን እየሄደ ነበር?" ብሎ መጠየቅ። ለክሊኒካዊ ሱፐርቪዥን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለማስተማርም ይሠራል። "ይህን ጥያቄ ስትጠየቅ ለምን ወደ ስላይዱ ዞርክ?" የሚለውን የሚመልሰው ራሱ ተማሪው ነው፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው። ጃኒን በርናርድ በ1979 ያቀረበችው የሱፐርቪዥን ሞዴል ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ እንደ ሁኔታው መምህር፣ ካውንስለር ወይም ኮንሰልታንት ይሁን ይላል። የማስተማር ሱፐርቪዥን ሲሠራ ሦስቱም ያስፈልጋሉ። ፈርቶ የመጣውን ሰው ስለ ኮርስ ቀረጻ ቲዎሪ ማስተማር አይረዳውም፣ አውትላይን መጻፍ ያቃተውን ደግሞ ስሜቱን መጠየቅ አይረዳውም።

የምጠይቃችሁ በግልጽ ይህ ነው። ማስተማር የኢንተርንሺፑ ግዴታ ይሁን፣ ሱፐርቪዥንም ይኑረው። አራት ወይም አምስት የዶክትሬት ተማሪዎች በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ 1 ሰዓት ተኩል ይሰብሰቡ። በየተራ ከክፍላቸው የአሥር ደቂቃ ቅጂ ያምጡ። አንድ መምህር ይምራው። ይኸው ነው። "ጊዜ የለንም" የሚለውን ሰምቻለሁ፤ የመምህራን ሸክም ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ለክሊኒካዊው ጊዜ ያገኘነው ግዴታ ስለሆነ ነው። ግዴታ ያልሆነ ነገር ጊዜ አግኝቶ አያውቅም። ይህ ሰዓት በመምህሩ የሥራ ጫና ውስጥ እንደ ማስተማር ሰዓት ይቆጠር። በበጎ ፈቃድ ላይ ከተተወ አንድ ደግ ፕሮፌሰር ይሸከመውና እሱ ጡረታ ሲወጣ አብሮ ይወጣል።

ደረጃ በደረጃም ይሁን። መጀመሪያ የአንድ ጥሩ መምህርን ክፍል ይከታተሉ፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ሳይሆን ከክፍሉ በፊትና በኋላ ከመምህሩ ጋር "ይህንን ለምን እንዲህ አደረግከው" እየተባባሉ። ከዚያ አብሮ ማስተማር። እዚህ ላይ ልጨክን፦ ፕሮፌሰሩ ኮንፈረንስ ሲሄድ ክፍሉን መሸፈን አብሮ ማስተማር አይባልም። ስላይድ ማዘጋጀትና ስም መጥራትም አይባልም። አብሮ ማስተማር ማለት አብሮ ማቀድ፣ አብሮ ክፍል መግባት፣ አብሮ ማረም ነው። ቀጥሎ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ራሳቸው ይምሩ፣ መምህሩ ከኋላ ይቀመጥ። ሙሉ ኮርስ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አልበርት ባንዱራ በ1977 እንዳስቀመጠው ሰው "እችላለሁ" ብሎ እንዲያምን ከሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ የሚበረታው ራሱ ሠርቶ ማሳካቱ ነው። ትንሹ ሳይሳካ ትልቁን ማሸከም ይህንን እምነት ከሥሩ ይነቅለዋል።

የተሰጣቸውን አውትላይን ብቻ እንዲያነቡም አታድርጓቸው። የሌላ ሰው ስላይድ ለሦስት ዓመት ያቀረበ ሰው አቅራቢ እንጂ ኮርስ ቀራጭ አልሆነም። ከመመረቁ በፊት አንድ ኮርስ ከባዶ ወረቀት ይሥራ። ከመጨረሻው ይጀምር፦ ተማሪው ይህን ኮርስ ሲጨርስ ምን መሥራት ይችላል? ያንን መቻሉን በምን አየዋለሁ? ምን አንብቦ፣ ምን ተለማምዶ እዚያ ይደርሳል? ሠርቶ ሲያበቃ ሁለት መምህራን ፊት ያስረዳ። "የአራተኛው ሳምንት ንባብ ከየትኛው ዓላማ ጋር ይገናኛል?" ተብሎ ይጠየቅ። ሥራ ፍለጋ ሲወጣ የማስተማር ፍልስፍና የምትባለውን ገጽ መጻፉ አይቀርም። እንዲህ ያለፈ ሰው የሚጽፋት ገጽ እውነት አላት። ካልሆነ ከኢንተርኔት የተገጣጠመች ትሆናለች፣ የቅጥር ኮሚቴዎችም ሽታዋን ያውቁታል።

ኦንላይን ለሚያስተምሩትም ሁሉም ይሠራል፤ ልዩነቱ ካሜራቸውን ያጠፉ ተማሪዎች ፊት ዝምታ መጠበቅ ይበልጥ ያስጨንቃል፣ ስለዚህ ልምምዱም ይብዛ።

ስለዚያ የመጨረሻ ፎርም ደግሞ። የተማሪ ግምገማ ጥቅም የለውም አልልም። ክፍሉ ውስጥ ንቀት ካለ፣ መምህሩ ከቀረ፣ እርማት ካልተመለሰ ተማሪ ያውቃል። ብቸኛው መለኪያ መሆኑ ነው ችግሩ። ዩትል፣ ዋይትና ጎንዛሌዝ በ2017 ያሳተሙት የጥናቶች ትንተና ተማሪዎች ለመምህር የሚሰጡት ነጥብና በእርግጥ የተማሩት መጠን የሚጠቀስ ዝምድና እንደሌላቸው አሳይቷል። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሞቅ ያለ፣ ተወዳጅ ካውንስለር ጥሩ ነጥብ ያገኛል፣ ክፍሉ ቢማርም ባይማርም። ነጥቡን አይቶ ጎበዝ ነኝ ይላል። እኛም እንዲያ እንለዋለን።

ከዚያ ይልቅ ሴሚስተሩ እኩሌታ ላይ አንድ ወረቀት ይታደል፦ ለመማር የረዳህ ምንድን ነው? ያደናቀፈህስ? ምን ይለወጥ? ስም አይጻፍበት። የዶክትሬት ተማሪው መልሱን ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ያንብበው፤ ብቻውን ሌሊት እንዳያነበው አደራ። ሠላሳ መልካም አስተያየት መሃል ያለችው አንዲት ክፉ ቃል ምን እንደምታደርግ እናንተም ደርሶባችኋል። ከዚያ ክፍሉ ፊት ቆሞ "ይህን ነገራችሁኝ፣ ይህንን እለውጣለሁ፣ ይህንን ደግሞ በዚህ ምክንያት አልለውጥም" ይበል። ይህ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው፤ አስተያየት እንዴት እንደሚቀበሉ ተማሪዎቹ በዓይናቸው ያዩታል። የመጨረሻው ፎርም ላይ ቢጽፉት የሚጠቀምበት የሚቀጥለው ክፍል ነው። እኩሌታው ላይ ከሆነ ግን ራሳቸው ይጠቀማሉ።

የምትፈሩትንም ላንሳ። "የዶክትሬት ተማሪዎቹ ዲሰርቴሽን አላቸው፣ ተጨማሪ ሸክም ይሆናል።" አሁን ያለው ሸክም አይደለም ወይ? ብቻውን ሦስት ሌሊት ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚዘጋጅ ሰው ከዲሰርቴሽኑ ላይ ነው ጊዜውን የሚቆርጠው። መንገዱን የሚያሳየው ሰው ካለ ዝግጅቱ ያጥራል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ የዶክትሬት ተማሪ ርካሽ አስተማሪ ስለሆነ ነው ክፍሉን የሚያገኘው። ይህንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እዚያ ከሆነ ቢያንስ ሱፐርቪዥኑ ይከፈለው።

ለዶክትሬት ተማሪዎችም አንድ ቃል አለኝ፣ ደብዳቤው በእናንተ ስም ስለሆነ። እስኪጠሯችሁ አትጠብቁ። "ክፍሌን መጥተህ ተመልከትልኝ" ማለት ድክመት አይደለም። አንድ ጓደኛችሁን ጥሩና ተራ በተራ ተያዩ። ተቀረጹ። የመጀመሪያውን ቅጂ ማየት ያሳፍራል፣ ድምፃችሁም ያስጠላችኋል። የመጀመሪያ ተመካሪያችሁን ቅጂ ስታዩም እንዲሁ ነበር።

ወደ እናንተ ወደ ኃላፊዎቹ ልመለስና ልጨርስ። የሚቀጥለው ሴሚስተር የኮርስ ድልድል በቅርቡ ይወጣል። በሠንጠረዡ ላይ የዶክትሬት ተማሪ ስም ባለበት ረድፍ ሁሉ ሁለት ነገር ይጨመር፦ የማስተማር ሱፐርቫይዘሩ ስምና በሳምንቱ የሚገናኙበት ሰዓት። ሁለቱን መሙላት የማይቻልበት ረድፍ ካለ ኮርሱ ለዚያ ተማሪ ገና አይሰጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዶክትሬት ተማሪዎችን የማስተማር ልምምድ የሚከታተል የካውንስሊንግ መምህር